“ሂጂና ታረቂ!”

ባለፈው ሳምንት በጀመርነው የቅናት ጨዋታ ላይ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ገና አላለቀም፣ እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን ወረፋ አዘልዬ አንዲት ልጅ አስቀድማለሁ። ቅር አይበላችሁ። ለምን እንደቸኮልኩ ወደ መጨረሻው ስትደርሱ ይገባችኋል።

ደብዳቤዋ ረጅም ነው። ማንነቷን የሚያሳውቀውን አውጥቼ፣ ቀሪውን በራሷ አነጋገር እነሆ፦

“ዕድሜዬ 24 ነው፤ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ከአንድ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ከአራት ወር አብረን ኖረናል። ሽማግሌ አልላከም፣ አልተፈራረምንም፣ እንዲሁ ቤት ተከራይተን ነው። የጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ማታ፣ ታቦት ሸኝቼ ስመለስ ‘ቀኑን ሙሉ የት ዋልሽ?’ ብሎ ጀመረኝ። መልሴን አልጠበቀም። በቡጢ አፌን መታኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ አንድ ጥርሴ ተነቃነቀ። አከራያችን እትዬ በሩን ደብድበው ባይገቡ ኖሮ ዛሬ አልጽፍልህም/ሽም ነበር (ወንድ ሁኝ ሴት አላውቅም)። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ ብዕሩን እንደያዘ ‘ማነው የመታሽ?’ አለኝ። ‘ባሌ’ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠው። ‘ምን አድርገሽው ነው?’ አለኝ። ከዚያ ‘አሁን መሽቷል፣ ሂጂና ታረቂ፤ እምቢ ካለ ነገ ይዘሽው ነይ’ ብሎ ሸኘኝ። እኔ ነኝ ይዤው የምመጣው? ከጎኔ ሞባይሉን የተነጠቀ ልጅ ነበር። እሱን ወንበር ሰጥተው የሞባይሉን ቀለም ሳይቀር ጻፉለት። እኔን ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። አሁን አክስቴ ቤት ነኝ። የእሱ ዘመዶች ሽማግሌ ልከው ‘ፋሲካው ይለፍና ተቀምጠን እንጨርሰዋለን’ ብለዋል። እሱም ማታ ማታ እየደወለ ያለቅሳል። ልታረቅ ወይስ ልክሰሰው? ደግሞስ ፖሊስ ያልተቀበለኝ፣ ሳልፈራረም የኖርኩ ሰው ምን ብዬ ነው የምከሰው?”

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሴት ነኝ፤ እሱን ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ሁለተኛ፣ ሕግ አልተማርኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤሽን ይዤ አንዲት ጠበቃ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። አንብባ ስትጨርስ ስለ ከንፈርሽም ስለ ሽማግሌዎቹም አልጠየቀችኝም። “ቃሏን ተቀብለዋታል?” አለችኝ። “አልተቀበሏትም፤ ስሟንም አልጠየቋት” አልኳት። “እንግዲያው” አለችኝ “በወረቀት ላይ ያን ሌሊት ጣቢያ አልሄደችም።”

እስቲ ይቺን ነገር አስቡልኝ ጎበዝ! ሞባይሉን የተነጠቀው ልጅ ያን ሌሊት ጣቢያ ሄዷል፤ መዝገብ ላይ አለ። ደም እየዋጠች የቆመችው ልጅ የለችም። ነገ ጥርሷ ቢወልቅ፣ ነገ ሌላ ቢደርስባት፣ “ከዚህ በፊት አመልክታ ታውቃለች?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ “የለም” ነው። እኛ ፍርድ ቤት ሲባል ካባ የለበሰ ዳኛ ይታየናል። ለብዙ ሴት ግን ፍርዱ የሚሰጠው እዚያች የተረኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን ነዋ! ያልተጻፈውን ከየት አምጥቶ ያየዋል?

ስለ ጉዳዩ ድሮ በመርማሪነት የሠራ አንድ ዘመዴን ጠየቅኩት። አልካደኝም። “አንቺ ምን አለብሽ” አለኝ። “ሌሊት መጥታ ታስከስሳለች፤ እኛ ስንሮጥ አድረን እንይዘዋለን። ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣና ‘ፍቱልኝ፣ የልጆቼ አባት ነው’ ትላለች። አሥር ጊዜ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጊያለሽ?” ነገሩ እውነት አለው፤ አይታችሁ ታውቃላችሁ። እኔም በአንድ ችሎት ቁጭ ብዬ አንዲት ሴት “ይቅር ብዬዋለሁ” ስትል ሰምቻለሁ። ስትወጣ ተከትዬ “ለምን?” ብላት “የቤት ኪራይ ማን ይከፍልልኛል?” ነው ያለችኝ። ይቅርታው ከልቧ ሳይሆን ከኪሷ ነበር የመጣው።

ግን ዘመዴን አንድ ነገር ጠየቅኩት። “ሞባይሉ የተገኘለት ሰውስ ‘በቃ፣ ልጁን ተውት፣ ድሃ ነው’ ብሎ አያውቅም?” “ሞልቶ!” አለኝ። “ታዲያ በዚህ ምክንያት የሞባይል ስርቆት አንመዘግብም ብላችሁ ታውቃላችሁ?” ዝም አለ። ቆይቶ ሳቀና ቡናውን ጠጣ።

አሁን ወደ ሕጉ። ጠበቃዋ ያሳየችኝ አንድ አንቀጽ አለ፤ እኔ ብሆን ቀድቼ በየጣቢያው በር ላይ እለጥፈው ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚባለው በ1954 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። ቁጥር 22 ላይ፣ መርማሪው ፖሊስ የቀረበለትን ክስ ወይም አቤቱታ ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራውን ማካሄድ አለበት ይላል። ልብ በሉ፤ ቢጠራጠረው እንኳ! “ምን አድርገሽው ነው?” የሚለው ጥያቄ ብዕር ማስቀመጫ አይሆንም ማለት ነው። እዚያው ሕግ ላይ ቁጥር 14፣ የአመልካች ቃል በጽሑፍ ሲሰፍር ተነቦለት ቀን ጽፎ እንዲፈርም ያዛል። “መጀመሪያ ታረቁ” የሚል መስመር የለውም። አስታራቂነት የፖሊስ ሥራ የሆነው በሕግ ሳይሆን በልማድ ነው። ልማዱም የሚሠራው ለሴቷ ነው እንጂ ለሞባይሉ አይደለም።

ለነገሩ “ሴት ፖሊስ ትብዛና ይቀራል” የምትሉ አላችሁ። እኔም እንዲያ እል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴን ደግፌ ወደ አንድ ጣቢያ ወሰድኳት፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። የተቀበለችን ሴት ነበረች። ደስ አለኝ። ጎረቤቴ ተናግራ ስትጨርስ ያቺ ፖሊስ በሐዘን አየቻትና “እኔም ስንቱን ችያለሁ መሰለሽ፤ ትዳር እንዲህ ነው” አለቻት። ክፋት አልነበረባትም። ሻይ ሁሉ አስመጥታልናለች። ፋይሉ ግን አልተከፈተም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ፣ ሚስት በባሏ መመታቷ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ከመቶ 63 ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ስንት ናቸው? 28! እኔ ሳነብ ቁጥሩ የተገለበጠ መስሎኝ ነበር። ያልተገለበጠ ነው። ወጥ አረረ፣ ሳይነግሩት ወጡ፣ መለሱለት … ለዚህ ሁሉ ዱላ ይገባል ብለን ያደግነው እኛው ነን። ዩኒፎርሙ ከላይ ይደረባል እንጂ ያደግንበትን አያወልቅም። በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከመቶ 66ቱ ለማንም ተናግረው፣ እርዳታም ጠይቀው አያውቁም። እንግዲህ ያቺ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሌሊት የምትመጣዋ ልጅ ከሦስት አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ ነው “ሂጂና ታረቂ” የምትባለው!

የድሮ ሕጋችንም ቢሆን በዚህ በማስታረቅ በሽታ ተይዞ የኖረ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈች ወይም የተደፈረች ሴት በፈቃዷ ያንኑ ሰው ካገባችውና ጋብቻው ካልፈረሰ ክስ አይቀርብም ይል ነበር። “በፈቃዷ” የምትለዋን እዩልኝ። በቤተ ዘመድ ተከባ፣ ሽማግሌ መሐል ተቀምጣ፣ “ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?” እየተባለች ያለች ልጅ ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ታዳጊ፣ የጠለፋትን ሰው በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ መግደሏን ብዙዎቻችሁ “ድፍረት” በሚለው ፊልም አይታችኋል። ልጅቷ ነበረች ተከሳሽ። በኋላ ራሷን ለመከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ጠበቃ የቆሙላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሴቶች ነበሩ። ጋብቻ ወንጀሉን ያጥባል የሚለው ነገር የተነሳው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ነው። የጠለፋ ቅጣትም ከ3 እስከ 10 ዓመት ሆነ።

ይኸው የ1996ቱ ሕግ ነው ለአንቺ የሚሆን አንቀጽ ያለው፣ እህቴ። ቁጥር 564 ይባላል። በትዳር ጓደኛ ላይ፣ ወይም ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ኃይል ተጠቅሞ በአካል ወይም በአእምሮ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ይቀጣል ይላል። “ሳልፈራረም የኖርኩ ሰው” ብለሽ ያፈርሽው በከንቱ ነው። ፊርማ አያስፈልግሽም፤ ሁለት ዓመት ይሁን ሁለት ወር አይጠይቅም። (ዓመት የሚቆጠረው ለንብረት ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚሆነው ቢያንስ ሦስት ዓመት ከኖሩ ነው። አንቺ አልሞላሽም። ስለዚህ ፍሪጁን የገዛሽበት ደረሰኝ ካለ ያዥው! ይህንን ጠበቃዋ ናት ያለችኝ።)

ሕጉ ሁሉን ጨርሷል እንዳልል ግን አንድ ቀዳዳ አለ። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ቁጥር 620 “ከጋብቻ ውጭ” ብሎ ነው የሚጀምረው። ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍራት በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም ማለት ነው። በቡጢ ቢመታት ወንጀል ነው፤ አስገድዶ ቢተኛት ግን የቤታቸው ጉዳይ ነው። ይህንን ለማን አቤት እንደሚባል እንጃ።

እዚህ ላይ ወንዶቹ “እኛስ?” እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። ሚስቱ በዘነዘና ክንዱን መታችው፤ ጣቢያ ሄዶ ሲያመለክት ተረኛው ሌላውን ጠርቶ “ና ጉድ ስማ!” አለ። ሳቁበት። ወንድሜ፣ የአንተም ነገር ከእሷ ጋር አንድ ነው። 564 “የትዳር ጓደኛ” ነው የሚለው፤ ወንድ ሴት አልለየም። ሴት ወንድን አስገድዳ ግንኙነት ብትፈጽም የሚቀጣትም ቁጥር 621 አለ፣ እስከ 5 ዓመት። የሚገርመው ያቺን ልጅ የመለሳትና አንተን የሳቀብህ አስተሳሰብ አንድ መሆኑ ነው፦ ወንድ ይመታል፣ ሴት ትመታለች (ጠብቆም ላልቶም አንብቡት)። ከዚህ የወጣ ሰው ሲመጣ ብዕሩ ይቀመጣል። ጉዳይህን በሌላ ሳምንት ለብቻው አየዋለሁ፤ ክንድህን ግን እስከዚያ ለሐኪም አሳይ፣ ወረቀቱንም አስቀምጥ።

አሁን ወደ ቸኮልኩበት።

እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ “ፋሲካው ይለፍ” ብለዋል። ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። ቀላል የሚባል የአካል ጉዳት ግን በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሕጉ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ አቤቱታ የሰጠው ጊዜ፣ ወንጀሉንና ያደረገውን ሰው ካወቁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ነው። የመታሽን ሰው ያወቅሽው ያን ማታ ነው። ጥር 12 ላይ ሦስት ወር ደምሪ፤ ሚያዝያ 12 ይመጣል። ፋሲካው አልፎ፣ ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ክፍለ ሀገር ሄዶ እስኪመለስ ተጠብቆ … ያኔ “አልታረቅም፣ እከሳለሁ” ብትይ በሩ ተዘግቶ ልታገኚው ትችያለሽ። ማንም ሳይዋሽሽ፣ ማንም ሳያስፈራራሽ፣ በትህትና ብቻ! ጉዳቱ ከባድ ከተባለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያንን ያለ አንቺም አቤቱታ መንግሥት ይከሳል። ጥርስሽ ከየትኛው እንደሚመደብ የሚያውቁት ሐኪሙና ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። አንቺ ግን አጭሩን ቀን ቁጠሪ።

“ልታረቅ ወይስ ልክሰሰው?” ላልሽው፣ እኔ ታረቂም አትታረቂም አልልሽም። የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ማታ ማታ የሚያለቅሰውን ድምፅ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። (ለራሴ ከጠየቅሽኝ፣ በስልክ ያለቀሰ ወንድ አላምንም። ያ የእኔ ጠባሳ ነው።) ግን ሁለቱ ነገሮች አንዱ የሌላው ወረፋ ጠባቂ አይደሉም። አቤቱታሽ ተጽፎ እያለም ሽማግሌ መቀመጥ ይችላል። እንዲያውም ያኔ ሽማግሌው ቁም ነገር ይኖረዋል። ፋይል የሌላት ሴት የምትታረቀው እሱ በሚላት ዋጋ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሂጂ። ሌሊት አትሂጂ፤ ሌሊት ተረኛ ብቻ ነው ያለው። አክስትሽን ይዘሽ፣ ከተቻለም አከራይሽን እትዬን ለምነሽ። በሩን ደብድበው የገቡ ምስክር ናቸው። የእኔ ጎረቤት ነገር የወደቀው አከራይዋ “እኔ በሰው ትዳር አልገባም” ስላሉ ነበር፤ ያንቺዋ ግን ገብተዋል፣ ተመስገን ነው። ያኔ ሐኪም ቤት ሄደሽ ከሆነ ካርድሽን ያዥ። ካልሄድሽም የጥርሱ ነገር ዛሬም ይታያልና ፖሊስ ለሕክምና ምርመራ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ከንፈርሽን በስልክ አንስተሽው ከሆነ ፎቶውን አታጥፊው፤ ለአክስትሽም ላኪው።

ጣቢያ ስትገቢ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ። “ምን አድርገሽው ነው?” ካሉሽ አትጣዪ፣ አታልቅሺም። (ታለቅሻለሽ፣ ግድ የለም።) “አቤቱታ ለማቅረብ ነው የመጣሁት፣ ቃሌን ተቀበሉኝ” በይ። የሆነውን ብቻ ተናገሪ፣ ቀኑን ጥር 12 ብለሽ። ሲያነቡልሽ ስሚ፤ “ተጣሉ” ብለው ከጻፉ “መታኝ ነው ያልኩት” ብለሽ አስተካክይ። እነዚህ ሁለት ቃላት በኋላ ችሎት ላይ ሰማይና ምድር ናቸው። ፈርሚ፤ የመዝገቡን ቁጥርና የተቀበለሽን ሰው ስም ጻፊ። እምቢ ካሉሽ የጣቢያውን ኃላፊ። ኃላፊው እምቢ ካለ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሂጂ፤ ያው የ1954ቱ ሕግ አቤቱታ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል ነው የሚለው። በሥልጣን ፖሊሱን የሚያዘው ዐቃቤ ሕጉ ነው። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ገንዘቡን አድርቆበት ሥራው ብዙ ተጎድቶ ነበር፤ አዋጁ በ2011 ተቀይሯል። ጎራ በዪ።

ከዚያ በኋላ ሊይዙት ይችላሉ፣ ሊጠሩት ይችላሉ። እንዲህ ባለ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ በዋስ ይወጣል፤ አይደንግጥሽ፣ ተፈረደለት ማለት አይደለም። ግን በዚያች ማታ ብቻሽን አትደሪ፣ ከሥራ ስትወጪም ሰው ይቀበልሽ። ፀጉር ቤት ያሉት ባልደረቦችሽ ይወቁ። ነገሩ ቀጠሮ በቀጠሮ እየሆነ ይሰለችሻል። ዳኛው “ለምን ያኔውኑ አላመለከትሽም?” ብሎ ሊጠይቅሽም ይችላል። መልስሽ ያው እውነቱ ነው፦ ያኔውኑ ሄጃለሁ፣ ብዕሩን ያስቀመጠው ተረኛ ነው። ሞባይሉን የተነጠቀው ልጅ ያየሽ ስለሆነ እሱ መዝገብ ላይ አለ። ጠበቃዋ ይህንን ስትለኝ ሳቅኩ፤ እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። ያ ልጅ ተፈልጎ ከተገኘ ያን ሌሊት እዚያ እንደነበርሽ ሊመሰክር የሚችል ሰው ነው።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ላስታውስ፤ ጉዳዩ መደፈር ከሆነ ይህንን ሁሉ መንገድ አትዙሩ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። ገላ ሳይታጠቡ፣ የለበሱትን ልብስ ሳያጥቡ፣ በቶሎ ነው የሚኬደው።

እህቴ፣ የመዝገቡን ቁጥር ስታገኚ ጻፊልኝ። ቁጥሩን ሳይሆን መገኘቱን ብቻ። የሚቀጥለው ሳምንት የቅናቱን ደብዳቤዎች ይዤ እመጣለሁ። ዘነዘና የተባለው ወንድሜም ታገሠኝ።